ዱቡሻ የማይደርስበት ደዋይ

የእጅ ስልክ በጋሞ ዞን ምዕራብ ዓባያ ወረዳ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ራሱን የቻለ ጥናት ይገባቸዋል። የሙዝ ማሳ ያለው አባወራ ስልኩን ከቀበሌ መታወቂያውና ከታጠፈች የብር ኖት ጋር በሸሚዙ የደረት ኪስ ያኖረዋል፤ ወደ ብርብር ገበያ የምትወጣ እናት በመሀረብ ጠቅልላ መቀነቷ ሥር ትሸጉጠዋለች፤ በዓባያ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥል ወጣት ደግሞ ፌስታል በፌስታል ላይ ደርቦ፣ አፉን በክር ጠፍሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ስልኩ ሲጮህ ፌስታሉ እስኪፈታ ድረስ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ስለሚዘጋ፣ ለዓሣ አስጋሪው የሚደወሉት ጥሪዎች በአብዛኛው ሚስድ ኮል፣ ማለትም ያልተነሡ ጥሪዎች ሆነው ይቀራሉ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሕዝቡ ዕቃውን ከሌባ እጅ፣ ከውሃና ከአቧራ መጠበቁን አሳምሮ እንደሚያውቅ ያሳያል፤ ስልኩ መቀነት ሥር እንደተሸጎጠ፣ ማንም ሳይነካው፣ ባለቤቱን ባዶ እጅ ሊያስቀር መቻሉ ግን ዘግይቶ የደረሰ ዕውቀት ነው።

ስለ አደጋ ከተነሣ የአካባቢው ነዋሪ አስተማሪ የሚያሻው ሰው አይደለም። ዓባያ በስፋቱ ከጣና ቀጥሎ የሚጠቀስ የኢትዮጵያ ሐይቅ ሲሆን፣ ወንዞች ከደጋው አጥበው በሚያመጡት አፈር የተነሣ ውሃው ቀላ ብሎ ስለሚደፈርስ በውስጡ ያደባው አዞ ከላይ አይታይም፤ ከብት የሚያጠጣ እረኛም ሆነ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ግን የትኛው ዳርቻ እንደሚያሰጋና በየትኛው ሰዓት መጠጋት እንደማይገባ ከታላላቆቻቸው ሲማሩ ያድጋሉ። ይህን ትምህርት ቀላል የሚያደርገው አዞው ጠባዩን የማይለዋውጥ መሆኑ ነው፤ ከመንከሱ በፊት የልጆችን ጤንነት አይጠይቅም፣ ስለ ዝናቡ አያነሣም፣ "አባቴ" ብሎም አይጠራም። በስልክ የሚመጣው አጥቂ ሦስቱንም ያደርጋል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እርሱ ነው።

ቴሌፎን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሞባይል የሚባለው የእጅ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ማርቲን ኩፐር በ1973 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን የእጅ ስልክ ጥሪ ሲያደርግ የያዘው መሣሪያ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ስልክ ዋነኛ የደህንነት ችግር እግር ላይ መውደቁ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ዕቃው እየቀለለ፣ የተሸከመው ጉዳይ ግን እየከበደ ሄደ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ወደ ገበያ ገብቶ በዚያው ዓመት ማብቂያ ኤምፔሳ የተባለውን ተመሳሳይ አገልግሎት ሲያስከትል፣ ባንኮችም የየራሳቸውን መተግበሪያ ሲያዘጋጁ፣ ስልክ ከድምፅ ማስተላለፊያነት አልፎ የገንዘብ ቦርሳ ሆነ። የሞባይል ገንዘብ የሚባለው በአጭሩ ባንክ ቤት ሳይሄዱ፣ በስልክ ቁጥር በሚከፈት ሒሳብ ብር መቀበል፣ መላክና መክፈል ሲሆን፣ ቁጥር የሚጫኑበት ተራ ስልክ ያለው ሰው እንኳን ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ሊገለገልበት ይችላል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራው የጋሞ ተወላጅ ለመስቀል በዓል የሥጋና የቅቤ መግዣ ለእናቱ ለመስደድ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲያፈላልግ የኖረበት ዘመን በዚህ አበቃ፤ አገር ቤት የሚሄደው ሰው በመንገድ የሚያጎድላት ጥቂት ብርም አብራ ቀረች።

በወረዳው ይህ ቦርሳ በየዕለቱ የሚፈተነው በሙዝ ንግድ ነው። የጋሞ ዞን ቆላ ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ሙዝ በማቅረብ የታወቀ በመሆኑ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አስፋልት ዳር አይሱዙ ቆሞ የሙዝ ዘለላ ሲመዘንና ሲጫን ማየት የዘወትር ነገር ነው። ቀድሞ ደላላው ጣቱን በምራቁ እያስነካ ብር ይቆጥር ነበር፤ አሁን ግን ስልኩን ወደ ገበሬው ዐይን አቅርቦ ስክሪንሹት ያሳያል። ስክሪንሹት በስልክ መስታወት ላይ የሚታየው ነገር ፎቶ ሲሆን፣ "ገንዘቡ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል" የሚል ጽሑፍ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ስሙና የብሩ መጠን ተለዋውጦበት ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማሳ ሲዘዋወር ሊከርም ይችላል።

ትዕይንቱን ቀረብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ጥሩምባ ያሰማል፤ ረዳቱ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራ ይወጥራል፤ ደላላው "ይኸው አባባ፣ ገብቷል፤ መልእክቱ የዘገየው ኔትዎርክ ስለሌለ ነው" ይላል። ገበሬው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያበራውን መስታወት ይመለከታል፣ የራሱን ስልክ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ያያል፣ ምንም የገባ ነገር የለም። በዚህች ቅጽበት ሊነገር የሚገባው ዐረፍተ ነገር "መልእክቱ በስልኬ እስኪገባ መኪናው አይንቀሳቀስም" የሚል ሲሆን፣ ሰውን በፊቱ የተጠራጠረ እንዳይመስልበት የሚፈራው ገበሬ ግን "መቼም አንተ አትዋሸኝም" ይላል፤ ደላላውም በዚህ አነጋገር ከልቡ የተነካ መስሎ ከመኪናው ጋር ይሄዳል። ሐቀኛው ደላላ፣ እነርሱም ብዙ ናቸው፣ ቆሞ ቢጠበቅ የሚቀየመው ነገር የለውም፤ ኔትዎርክ የመጥፋቱ ነገር እውነት ሊሆን ስለሚችልም መጠበቁ ለሁለቱም ወገን መተማመኛ ነው። ገንዘብ ገባ የሚባለው በሌላው ሰው ስልክ ላይ በሚታይ ፎቶ ሳይሆን፣ በራስ ስልክ በአገልግሎት ሰጪው መጠሪያ፣ ለምሳሌ ከ127 ወይም ከባንኩ ስም፣ በሚደርስ መልእክት፣ ከዚያም ቀሪ ሒሳብን ራስ ከፍቶ በማየት ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ "ብር ገብቶልዎታል" የሚል መልእክት የአንድ ግለሰብ ደብዳቤ እንጂ የባንክ ቃል አይደለም፤ የተቆረጠ ሙዝም ይህ ሁሉ እስኪጣራ ባለው ግማሽ ሰዓት አይበሰብስም።

ደላላው ቢያንስ መልኩ ይታያል፤ ደዋዩ ግን ድምፅ ብቻ ነው፣ ድምፁም የሚያስቀና ጨዋነት አለው። "ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ እንዴት ዋሉ? ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው? ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው" ብሎ ይጀምራል፤ ጥሪ ቀን በቀን የማይደርሰው አዛውንትም አንድ ሰው ከዋናው መሥሪያ ቤት ተነሥቶ የቤተሰቡን ሰላም በመጠየቁ ደስ ብሎት በተራው የደዋዩን ቤተሰብ ጤንነት ይጠይቃል፤ ደዋዩም ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ይመሰክራል፣ ይህም ከንግግሩ ሁሉ እውነት ሊሆን የሚችለው ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወይ ሽልማት ነው ወይ ማስፈራሪያ። ሽልማቱ ያልቆረጡት ሎተሪ እንደ ወጣላቸው ማብሠር ሲሆን፣ ማስፈራሪያው "ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ያልተያያዘ ሒሳብዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው" ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የሚጣደፉ ናቸው፣ ሁለቱም ከመሸ አይሆኑም፣ ሁለቱም የሚያርፉት "አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ" በሚለው ቃል ላይ ነው።

ይህ ቁጥር ኦቲፒ ይባላል፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞት የምስጢር ቁጥር ማለት ነው። አሠራሩን መረዳት የደዋዩን ጨዋነት ምክንያት ይገልጣል። አጭበርባሪው ሩቅ ተቀምጦ የአዛውንቱን ስልክ ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ ያስገባል፤ መተግበሪያውም "በእውነት የዚህ ቁጥር ባለቤት ነህ?" ብሎ ለማረጋገጥ ኦቲፒውን ወደ አዛውንቱ ስልክ ይልካል። አጭበርባሪው የአዛውንቱን ስም ያውቃል፣ ቁጥሩን ያውቃል፣ ምናልባትም የሚኖርበትን ቀበሌ ያውቃል፤ የጎደለው ይህ የምስጢር ቁጥር ብቻ ስለሆነ ያን ሁሉ ሰላምታ የሚያፈስሰው ለእርሱ ሲል ነው። ባንክም ሆነ የቴሌኮም ድርጅት ቁጥሩን ራሱ የላከው በመሆኑ፣ መልሶ ሊጠይቀው አንዳች ምክንያት የለውም። የዘርፉ ባለሙያዎች መሣሪያውን ትተው ሰውየውን የሚሰብሩበትን ይህን ዘዴ ማኅበራዊ ምህንድስና ይሉታል፤ ስሙ ዲግሪ የሚሰጥበት ትምህርት ቢመስልም፣ የሚያጠናው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታ በራሱ በሽታ አለመሆኑን ማስረዳት ግን ተገቢ ነው። በጋሞ ባህል ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ቦታ አለ፤ ሰዎች ተሰብስበው የጋራ ጉዳያቸውን የሚመክሩበት፣ የተጣሉት የሚታረቁበት፣ የበደለም ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠየቅበት አደባባይ ነው። ከእርሱም ጋር ጎሜ የሚባል እምነት አለ፤ ጎሜ የተከለከለውን በመተላለፍ የሚመጣ ጥፋት ሲሆን፣ ውጤቱ በበዳዩ ብቻ ሳያበቃ በቤተሰቡ፣ በከብቱና በማሳው ላይ ሊገለጥ እንደሚችል፣ የሚሽረውም በመናዘዝና በሽማግሌዎች አስታራቂነት እንደሆነ ይታመናል። ጎረቤትን ያለ ምስክር ማመን፣ "አትዋሸኝም" ብሎ ሸቀጥን ማስረከብ፣ ሰላምታን እስከ ልጅ ልጅ ድረስ መዘርዘር ሞኝነት ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከትሕትናው በስተኋላ የሚጠይቅ አደባባይ አለ፣ የዋሸም ሰው ነገ የሚያልፍበት መንገድ በዚያው በዱቡሻው አጠገብ ነው። ስልክ ይህን ሥርዓት ለሁለት ከፈለው። ሰላምታውን፣ "አባቴ"ን፣ ምርቃቱን ሙሉ በሙሉ አምጥቶ፣ ዱቡሻውን እዚያው ትቶት መጣ። ደዋዩ የት እንዳለ አይታወቅም፣ አባቱ ማን እንደሆነ አይጠየቅም፣ ጎሜም ቢኖርበት በየትኛው አውራጃ ከብት ላይ እንደሚወጣ የሚነግር የለም። ስለዚህ ለጎረቤት የተሠራውን ትሕትና ለማይታይ ሰው ማዋል ሥርዓትን ማክበር ሊባል አይችልም፤ በማይታወቅ ደዋይ ጆሮ ላይ ዘግቶ ወደ ሥራ መመለስም የማንንም አስተዳደግ አያሰድብም።

ይኸው ይሉኝታ በሞባይል ገንዘብ ወኪል ሱቅ በር ላይ በሌላ መልክ ይታያል። ፒን የሚባለው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው የሒሳቡ መክፈቻ ቁጥር ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት ከዐይን ተሰውሮ መጫን አለበት። በተግባር ግን አባወራው መነጽሩን ቤት ስለረሳ ስልኩን ለወኪሉ ልጅ ይሰጠዋል፤ ልጁ "ፒን ያስገቡ" ሲለው "አንተው አስገባው፤ ከአንድ ጀምሮ በተራ ነው" ብሎ ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ ወረፋ የቆሙት ሰዎች በጨዋነት ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ፤ ጆሮ ግን እንደ ፊት የሚዞር ባለመሆኑ ሁሉም ይሰማሉ። ይህን ያስተዋለ ሰው ቁጥሩን ለምን እንዳልደበቀ ቢጠይቀው፣ "ልጁ የእገሌ ልጅ ነው፣ ፊቴን ባዞርበት ሌባ ያልኩት ይመስለዋል" ይላል። ልጁ እውነትም ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፒን ታማኝነት የሚመዘንበት ነገር አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ሊጫነው የሚገባ፣ ዓይኑ ከደከመም በቤተሰቡ ውስጥ ከአንድ የታወቀ ሰው በቀር ሊያውቀው የማይገባ ቁጥር ነው። የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥሩ መጨረሻና ከአንድ ጀምሮ በተራ የሚሄደው ሁሉ ደግሞ ለፒንነት ብቁ አይደሉም፤ ሌባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞክረው እነርሱን ነው።

"በስህተት ላክሁ" የሚለው ጥሪ ከሁሉ ይልቅ መልካሙን ሰው የሚያጠቃ በመሆኑ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። አሠራሩ ሐሰተኛ "ብር ገብቶልዎታል" መልእክት ከተራ ቁጥር ማስቀደም፣ ከደቂቃዎች በኋላም እያለቀሱ መደወል ነው፤ የታመመች እናት፣ ያልተከፈለ የሆስፒታል ሒሳብ፣ የተሳሳተ አንድ አኃዝ ይኖርበታል። የሰው ገንዘብ በቤቱ እንዲያድር የማይፈልገው ሰው ወዲያውኑ "ይመልሳል"፤ የሚመልሰው ግን ያልመጣለትን፣ የራሱን ገንዘብ ነው። በእርግጥ በስህተት የገባ ገንዘብ የተቀባዩ ንብረት አይሆንም፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት በተዛባባት ሌሊት፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ወጪ አድርገው፣ ባንኩም ቆይቶ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ እስከ ማውጣት መድረሱ ይታወሳል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሥርዓት አንድ ነው፤ ቀሪ ሒሳብን ማየት፣ በእውነት ገብቶ ከተገኘም ለባንኩ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው ማስታወቅና መመለሱን ለእርሱ መተው። ያለቀሰው ሰው እውነተኛ ከሆነ በዚሁ መንገድ ገንዘቡን ያገኛል፤ ካልሆነም ልቅሶውን ወደ ሌላ ቁጥር ይወስዳል።

በዚህ ረገድ እስካሁን ከተሠሩት የመከላከያ ዘዴዎች ሁሉ የላቀው በአንዳንድ አያቶች እጅ ይገኛል። ደዋዩ በተጣደፈ አማርኛ ሽልማቱን ሲያበሥር፣ አያቲቱ በጋሞኛ ሰላምታዋን ትጀምራለች፤ ስለ ሽልማቱ ሲደግምላት ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፤ የምስጢር ቁጥሩን ሲጠይቃት ስለ ዘንድሮው በቆሎ ታስረዳዋለች፤ የአየር ሰዓቱ የሚቆጥረው በደዋዩ ላይ ስለሆነ እርስዋን የሚያስቸኩላት ነገር የለም። አማርኛ ፈጽሞ አትችልም ማለት ግን አይደለም፤ ገበያ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር የሰሟት ሰዎች ይህን ያውቃሉ።

ዕቃውን በራሱ የሚመለከተው ምክር አጭር ነው። የስልክ ባትሪ በአብዛኛው ሊቲየም አዮን ከተባለ ዓይነት የሚሠራ ሲሆን፣ ሙቀትን አይወድም፤ በቆላው ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ ወይም በትራስ ሥር ታፍኖ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ዕድሜው ያጥራል፣ ባስ ሲልም ሊቀጣጠል ይችላል። ያበጠ ባትሪ በላስቲክ ታስሮ ወይም ድንጋይ ተጭኖበት የሚድን በሽተኛ አይደለም፤ ከአገልግሎት መውጣት አለበት። መብራት በሌለባቸው ቀበሌዎች ስልክ ጀርባው ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፎበት ቻርጅ ማድረጊያ ሱቅ ውሎ ይመጣል፤ በዚያ ውሎው ሲም ካርዱ አብሮት ከዋለ ኦቲፒ የሚገባበት በር ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ እንደዋለ ስለሚቆጠር፣ ሲሙን አውጥቶ ይዞ መሄድ ወይም በመቆለፊያ ቁጥር መዝጋት ይበጃል። ውሃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበር የሚለው መድኃኒት የሚጠቅመው ለሩዝ ነጋዴው ነው፤ ቶሎ አጥፍቶ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ማድረቅ ይሻላል። ስልክ ካንሰር ያመጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ከስልክ የሚወጣውን ጨረራ "ምናልባት ሊያስከትል ይችላል" በሚባለው ምድብ መድቦታል፤ በዚያው ምድብ በእስያ አገሮች በባህላዊ መንገድ እንዲኮመጥጥ የሚደረግ አትክልትም ስላለ፣ የብርብር ሞተረኛ ከጨረራው ይልቅ ስልኩን በሄልሜቱና በጆሮው መካከል ወትፎ፣ ከብት በሚያቋርጠው አስፋልት ላይ በአንድ እጅ መንዳቱ ሊያስፈራው ይገባል። እየነዱ ስልክ ይዞ መነጋገርን የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ይከለክላል፤ ከብቱ ግን ደንቡን አላነበበም።

ስልክ የሚያስተላልፈው ሌላው አደገኛ ጭነት ወሬ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ ከተጎዱት መካከል የጋሞ ተወላጆች መኖራቸው ሲሰማ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው በመንበርከክ አስቁመዋቸዋል። ሣሩ ኃይል ያገኘው የያዙት ሰዎች በአካል በመገኘታቸው፣ ወጣቶቹም አባቶቻቸውን ረግጠው ማለፍ ባለመድፈራቸው ነው። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተነሣ ወሬ ወደ ሺህ ስልኮች ለመግባት ቅጽበት ሲበቃው፣ ሽማግሌ ግን በየስልኩ ፊት ሊንበረከክ አይችልም። "ለ10 ሰው ሳታስተላልፍ እንዳትቀር" የሚል መልእክት የደረሰው ሰው፣ በረከት ተብሎ የመጣ ቢሆን እንኳን፣ ከማን እንደመጣና መቼ እንደሆነ ሳያውቅ ባያስተላልፈው የሚቀርበት ነገር የለም። ሊንክ፣ ማለትም ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ መስመር፣ "ነፃ ዳታ" ወይም "የሥራ ቅጥር" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት በቴሌግራም ሲመጣም ፍርዱ ያው ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጸም ማጭበርበርንና የሌላን ሰው ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ደንግጓል። አዋጁ እንዲሠራ ግን የተበደለው ሰው መናገር አለበት፤ በዚህ ላይ ይሉኝታ ለሁለተኛ ጊዜ ይጎዳዋል። ሙዙን በፎቶ የሸጠ ገበሬ "ሰው ይሥቅብኛል" ብሎ ለሚስቱ እንኳን አይናገርም፤ ኦቲፒውን ያነበቡት አዛውንት ለልጆቻቸው ይደብቃሉ፤ በዚያው ሳምንት ያው ድምፅ፣ በዚያው "አባቴ"፣ ለጎረቤታቸው ይደውላል። በተጭበረበሩበት ሰዓት ወዲያው ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ወይም ለባንኩ ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሊያድነው ይችላል፤ ስልክ በጠፋ ጊዜም ሲሙን ማስዘጋት ቀፎውን ከመፈለግ ይቀድማል፤ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲሉ የሚታየውን ባለ 15 አኃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር አስቀድሞ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰውም ለፖሊስ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ከፖሊስ ጣቢያው በፊት ወይም በኋላ ግን ጉዳዩ በዱቡሻም፣ በዕድርም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ሊነገር ይገባል፤ ደዋዩን እዚያ ማቅረብ ባይቻል ዘዴውን ማቅረብ ይቻላልና።

የመስቀል ገንዘብ በሚላክበት ወቅት ስልኮች ሁሉ ይጮኻሉ፤ ደዋዩም ይህን ያውቃል። በሽሮ ሜዳም ሆነ በሌላ ከተማ ሆኖ ለእናቱ ስልክ ገዝቶ የሚልክ ልጅ ዕቃውን ሲያስረክብ ኮከብና መሰላል የሚጫኑበትን ብቻ አሳይቶ እንዳይለያት፤ "ቁጥር አንብቢልኝ የሚልሽ ሰው ቢደውል፣ ስሜን ጠርቶ ልጅሽ ነኝ ቢልሽም ዝጊበትና ለእኔ ደውይ" የሚለውን በጋሞኛ ደጋግሞ ይንገራት፤ በደወለችለትም ጊዜ ያንሣ።